ለወጉ ያልኩት እሺ

ይድረስ ለታላቋ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ሰነበተ? ያን ደረጃ በቀን ስንት ጊዜ እየወጣሽው ነው? ባለቤትሽ ሳሉ ለቀቀው ወይስ አሁንም ሐኪም ቤት ሂድ ሲሉት ጋዜጣውን ወደ ፊቱ ያስጠጋል? ልጅሽ ፈተናው ጥሩ ነበር ብሎኛል፤ ጥሩ ነበር ያለበት ድምፁ ግን ደስ አላለኝም፣ እስቲ ጠጋ ብለሽ ጠይቂልኝ። የእማዬ ቤትስ? ቅዳሜ ቅዳሜ መስኮቱን እየከፈትሽለት ነው? የጓዳው በር አልዘጋ ሲልሽ ከሥር ትንሽ ከፍ አድርገሽ ግፊው፤ ከታገልሽው ይብስበታል።

እኔ ደህና ነኝ። ጤናዬም ሆዴም ደህና ነው። ያቃተኝ መቀመጥ ብቻ ነው። ይህን ደብዳቤ ማረፊያ ክፍሌ ውስጥ ጀመርኩት፤ ሰላምታውን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ካፌ ገብቼ ቀጠልኩ፤ እዚያም ሁለት መስመር ጽፌ ወጣሁ። አሁን የባቡር ጣቢያው መጠበቂያ አዳራሽ ውስጥ ነኝ፤ ሻንጣዬ እግሬ ሥር፣ ወረቀቱ ጉልበቴ ላይ ነው፣ ባቡሩ የሚነሣው ደግሞ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ታውቂኛለሽ፣ አረፍድ ይሆናል ብዬ ስለምሰጋ ከትኬት ሻጩ ቀድሜ ነው የምደርሰው። ጽሕፈቴ ከተንጋደደብሽ እግሬ አላርፍ ብሎ ወረቀቱን እየነቀነቀው ነው።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን ሰኞ ዕለት የሆነውን አስታውሺ። ወንድማችን ጋሼ ለእኔ ያለውን ክፍል ቀለም አስቀብቶ እንደጨረሰ፣ የእማዬን ቤት የሚከራዩት ባልና ሚስት ወሩ ሲያልቅ ዕቃቸውን ይዘው መግባት እንደሚፈልጉ፣ የቀረው የእኔ ቃል ብቻ እንደሆነ ነገርሽኝ። እኔም እሺ አልኩሽ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ከበሩ እስከ መስኮቱ ስመላለስ ዋልኩ። ስልክ ላይ ከሆነ ምላሴ ትቀድመኛለች፤ እሺ ማለት ለምዶባታል። ወረቀት ግን ይጠብቃል። ስለዚህ ጽፌ ስጨርስ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቼ በልጅሽ ስልክ እልክልሻለሁ፤ ወረቀቱንም በፖስታ አስከትላለሁ። መዝገብ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራ ሰው ዋናው ቅጂ ቦታው ካልገባ እንቅልፍ አይወስደውም።

ነገሩን ግን ከመሐሉ አልጀምርልሽም። የመጣው ከመንገዱ ስለሆነ የመንገዱን ወሬ አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ወሬውን ካልነገርኩሽ ደግሞ እንደማትለቂኝ አውቃለሁ።

ስነሣ የነበረውን ታስታውሺያለሽ። እማዬ አልጋ ላይ በነበረችባቸው ዘጠኝ ዓመታት ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድ ተጠራቅሞ ተጠራቅሞ፣ የአስተዳደር ኃላፊዋ ወይ ውሰጂው ወይ ይቃጠላል አለችኝ። አንቺ ሂጂ አልሽ። ጋሼ ትንሽ ተናፍሰሽ ተመለሽና ቤትሽ ትገቢያለሽ አለ፤ ቤትሽ ያለው የራሱን ቤት ነው። እኔም በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ ብቻዬን፣ ዘመድ የሚባል ወደሌለበት አገር ተነሣሁ። አውሮፕላኑ ውስጥ የመቀመጫዬን ቀበቶ ያሰርኩ መስሎኝ ለካ የእኔን ጫፍ ከጎኔ ካለው ሰውዬ ቀበቶ ጋር አያይዤዋለሁ። ሁለታችንም ያወቅነው ሰውየው ሊነሣ ሲል ነው። ስንደርስ ደግሞ ፓስፖርት የሚመታው ሰው ለምን መጣሽ ብሎ ጠየቀኝ፤ ሰው ሁሉ ጉብኝት እያለ ሲያልፍ እኔ ፈቃዴ ሊቃጠል ስለሆነ አልኩት። ሰውየው ፊቴን ከፎቶዬ ጋር ሁለቴ አስተያየና አሳለፈኝ።

ደስታውን ልንገርሽ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን መንገድ ጠፋኝ። ድልድይ ተሻገርኩ፣ ያንኑ ድልድይ ተመልሼ ተሻገርኩ፣ ሁለቱም ዳር አንድ መሰለኝ። መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ቆም ብዬ ሳስበው ግን የሚጠብቀኝ ሰው የለም፣ የሚያልፈኝ የመድኃኒት ሰዓት የለም፣ ዘገየሽ ብሎ የሚደውል የለም። ሰዓቴም በቀን አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ስለሚቀር ማየቱን ተውኩት። አንድ ብስክሌት ጠጋኝ በር ላይ ቆሜ፣ ሰውየው ጎማውን ውኃ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳውን ሲፈልግ፣ ሲያገኘውም ለራሱ ፈገግ ሲል፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁ። ምን ፈለግሽ ያለኝ ሰው አልነበረም። ሌላ ቀን አውቶቡስ ተሳፍሬ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄድኩ፣ ሳልወርድ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። በሦስተኛው ላይ ሹፌሩ ዞር ብሎ ወዴት ነሽ አለኝ፤ እኔም መስኮቱን አሳየሁት። ሳቀና ነዳ። መንገድ የጠፋኝ ቀን አመሻሽ ላይ ማረፊያዬን በድንገት አገኘሁት፤ እውነቴን ነው፣ ስላገኘሁት ትንሽ ቅር አለኝ።

ማረፊያማ በሃያ አራት ቀን ውስጥ ሦስት ቀይሬያለሁ። የመጀመሪያው ግድግዳው ስስ ነበር፤ የጎረቤቴ ሳል ከባለቤትሽ ሳል ይብሳል። ሁለተኛው ምንም አልጎደለውም፤ የተቁነጠነጥኩት እኔ ነኝ። አከራይዋ ምን ጎድሎሽ ነው የምትለቂው ብትለኝ ምንም አልኳት፤ አላመነችኝምና አንድ ትራስ ጨመረችልኝ። ለትራሱ ስል ሁለት ቀን ቆየሁ። ሦስተኛው ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና ወደ ልብስ ማጠቢያ ቤት ጓሮ የሚያይ መስኮት አለው። እዚያ ሁለት ሴቶች አንሶላ ያጥፋሉ። ጫፍና ጫፉን ይይዛሉ፣ ይወጥሩታል፣ ይቀራረባሉ፣ ይለያያሉ፣ አንድም ቃል አይነጋገሩም። እኔና አንቺ የእማዬን አንሶላ ስናጥፍ አንቺ ሁልጊዜ ትስቢኝ ነበር። አንድ ቀን አንዷ ከሥራ ቀረች፤ ሌላዋ አንሶላውን ከአገጯ ሥር ይዛ ብቻዋን ስታጥፈው ቆሜ አየሁ። ትንሽ ተንጋዶባት ነበር፣ ግን ታጠፈ።

አሁን ወደ ሐፍረቱ ልግባ። ብቻዬን ምግብ ቤት የገባሁ ቀን አስተናጋጁ ስንት ናችሁ ሲለኝ ጣቴን አንድ አድርጌ አሳየሁት። እሱ ግን የሚከተለኝ ሰው ካለ ብሎ በሩን አየ። ከዚያ ከጠረጴዛዬ ላይ ሁለተኛውን ብርጭቆ አነሣ፣ ሁለተኛውን ሹካ አነሣ፣ በመጨረሻም ፊት ለፊቴ ያለውን ወንበር ይዞት ሄደ። ወንበሩን ለሌላ ጠረጴዛ ፈልጎት ነው፤ እኔ ግን ፊቴ ደም መሰለ። ምግቡ ሲመጣም አልጀመርኩም። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ዝም ብዬ አየዋለሁ። ለካ የሚቀድመኝን ሰው እየጠበቅሁ ነው፤ ቤታችን እማዬ ሳትቀምስ ማን ጀምሮ ያውቃል።

የባሰው ገና ነው። ከጎኔ ያለችው ሴት ሻይዋን አማስላ ስትጨርስ ማንኪያዋን በብርጭቆው ጠርዝ ላይ ሁለቴ መታ መታ አደረገችው። እኔ ብድግ። መጣሁ እማ ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። እማዬ አንደበቷ ከተያዘ በኋላ እንዴት ትጠራን እንደነበር አንቺ ታውቂያለሽ፣ በማንኪያ ብርጭቆዋን ሁለቴ ነበር። የምግብ ቤቱ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አስተናጋጁ ሒሳብ የጠየቅሁ መስሎት ሮጦ መጣ፤ እኔም አይ ማለት አፍሬ ከፍዬ ወጣሁ፣ ምግቡን ሁለቴ እንኳን አልጎረስኩለትም። መንገድ ላይ ቆሜ ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ዞረብኝ። ዘጠኝ ዓመት በማንኪያ ድምፅ ተጠርቼ፣ አሁንም ማንኪያ በሰማሁ ቁጥር ከጭንቅላቴ በፊት ጉልበቴ ይነሣል።

ከዚያ ቀን በኋላ ማንኪያ ባለበት መብላት ፈራሁ። ዳቦ፣ ቲማቲምና የተቀቀለ እንቁላል እየገዛሁ ደጅ እበላ ጀመር። ከማረፊያዬ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ አንድ ትንሽ አደባባይ አለ፤ አራት ዛፍ፣ አንድ የውኃ ቧንቧ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር። ከአግዳሚው ፊት ለፊት አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ሱቅ አላቸው፤ ሱቅ ልበለው እንጂ በር ያለው ቁም ሣጥን ነው፣ እሳቸው ሲገቡ ደንበኛው መውጣት አለበት።

እንግዲህ ምሳዬን ዘርግቼ ልጀምር ስል ሽማግሌው ከሱቃቸው ወጥተው በፊቴ ሲያልፉ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ? ዳቦውን ከፍ አድርጌ፣ ከመቀመጫዬም ነቅነቅ ብዬ፣ እንብላ አልኳቸው። አፌ በቋንቋችን ነው የተናገረው፣ እጄ ግን ለማንም በሚገባ ቋንቋ ነበር። ሽማግሌው ቆሙ። ዳቦውን አዩ፣ እንቁላሉን አዩ፣ እኔን አዩ። ወደ ሱቃቸው ተመለሱ። በቃ አመስግነው ሄዱ ብዬ ልጎርስ ስል በራቸውን ቆልፈው፣ ቧንቧው ላይ እጃቸውን ታጥበው፣ ቢላዋና በወረቀት የተጠቀለለ ጨው ይዘው መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ።

እታለም፣ በሉ። ሁለት እንቁላል ነበረኝ፣ አንዱን በሉ። ቲማቲሙን ለሁለት ቆርጠው ትልቁን ለእኔ ሰጡኝ፣ ዳቦውን ከመሐሉ ከፈሉት። እንብላ ያልኩት እኮ ብዪ ተብዬ ልበላ ነው። በዕድሜዬ ስንት ሺህ ጊዜ እንብላ ብያለሁ፤ ተነሥቶ የተካፈለኝ መንገደኛ ግን አላስታውስም። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ለእህቴ ምን እደብቃለሁ፣ ስለ እንቁላሉ ተናደድኩ። ቆይቶ ግን ሳቄ መጣ። እሳቸውም ለምን እንደምስቅ ሳያውቁ ሳቁ፤ ሲስቁ የሚስቀው ትከሻቸው ነው። ብቻሽን ነሽ ወይ አሉኝ። አዎ አልኳቸው። እኔም አሉ። ሌላ አልጠየቁኝም፤ እኛ ዘንድ ቢሆን ከዚያች መልስ በኋላ አሥራ አምስት ጥያቄ ይከተል ነበር።

በማግሥቱ እሳቸው ቀድመው ጠበቁኝ። ክዳን ያለው ድስት ይዘዋል፤ ሲከፍቱት ድንችና ሥጋ ነው፣ እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። እኔ ደግሞ ከጠዋት ጀምሬ እህል አልቀመስኩም። ድስቱን ወደ እኔ ገፋ አድርገው ብዪ አሉኝ። ያደግሁበትን አደረግሁ፤ እጄን ደረቴ ላይ፣ አንገቴን ዘንበል፣ አይ ጠግቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ከዚያ ልመናውን ጠበቅሁ። በሞቴን፣ አፈር ስሆንን፣ አንድ ጊዜ ብቻን ጠበቅሁ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ድስቱን ወደ ራሳቸው መለሱት። ቀስ ብለው፣ እያጣጣሙ፣ የመጨረሻዋ ድንች ሳትቀር በሉት። ሆዴ ሲጮህ እንዳይሰሙብኝ አጠገባቸው ተቀምጬ እስል ነበር። የዚያን ዕለት ሰዓቴን አይተው ወደ ኋላ ቀርቷል፣ ልይልሽ ብለውኝ ነበር፤ አይ፣ አይድከሙ አልኳቸው። አልደከሙም።

በሦስተኛው ቀን ርሀቡም ሐፍረቱም በዛብኝና እውነቱን ነገርኳቸው። በተሰባበረ ቋንቋዬ፣ በጣቴ እየቆጠርኩ፣ እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ግብዣ ለወጉ ነው፣ የመጀመሪያው እምቢታም ለወጉ ነው፣ ሁለተኛውም ገና ነው፣ ነገሩ የሚታወቀው በሦስተኛው ነው አልኳቸው። ሽማግሌው የሚሠሩበትን ማጉያ መነጽር ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። ከዚያ ታዲያ እርስ በርሳችሁ ስትሆኑ ማን በእርግጥ እንደራበው በምን ታውቃላችሁ ብለው ጠየቁኝ። ፊት አይተን እናውቃለን አልኳቸው። እሳቸው አመኑኝ። እኔ ግን ራሴን አላመንኩትም። ምሳዬን መልሼ ጠቅልዬ ተነሣሁ፤ ያን ቀን ተረከዜ እስኪላጥ ከተማውን ስዞር ዋልኩ።

ለምን እንደዚያ እንዳደረገኝ ልንገርሽ፤ ዋናው ነገር ይኸው ነው። የእማዬ ለቅሶ ያበቃ ዕለት፣ የመጨረሻዎቹ ሰዎች ሊሄዱ ሲነሡ፣ ጋሼ በሁሉም ፊት ቆሞ ከእንግዲህ የእኔ ቤት ቤቷ ነው፣ እህቴን ብቻዋን አልተዋትም አለ። ሽማግሌዎቹ መረቁት። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም እጅ ነስቼ እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ለወጉ ነበር። በዚያ ቀን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ሌላ ምን ይባላል? እሱም ለወጉ ያለው መስሎኝ ነበር፤ ትንሽ ሲቆይ ይረሳል፣ እኔም እንደነበርኩ እኖራለሁ ብዬ ነበር። በሳምንቱ ጋሼ ሜትር ይዞ መጥቶ አልጋዬን ለካ።

ከዚያ ቀን ደግሞ አንድ ነገር ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኛል። ጋሼ ያን ሲናገር ሚስቱ እጅ ታስታጥብ ነበር፤ ይቺ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሙሽሪት ስንላት የኖርነው፣ ውኃ ስታፈስ አንድ ጠብታ የማታባክን ሴት። ጋሼ እንደተናገረ እጇ ቀጥ አለ፤ ውኃው ግን መውረዱን ቀጥሎ የአንዱን ሽማግሌ ጫማ አራሰው። ከዚያ ቀና ብላ ደስ ይለናል አለች። አሁን መንታ ልጆቿን ከክፍላቸው አውጥታ ሳሎን ልታስተኛቸው ነው፤ ቀለም የተቀባው ክፍል የእነሱ ነው። እኔ እሺ ብያለሁ፣ እሷ ደስ ይለናል ብላለች፣ ጋሼ በሽማግሌ ፊት ተናግሯል። ከሦስታችን የምሩን የተናገረው ማን እንደሆነ አላውቅም። እኔ እንዳልሆንኩ ግን አውቃለሁ።

ባቡሩ አርባ ደቂቃ ይዘገያል ተባለ። ተነሥቼ የመነሻ ሰሌዳውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ያነበብኩት ነገር አልተለወጠም። ውኃ ገዝቼ ሳልከፍተው ተመለስኩ። አንዲት ሴት ከነልጇ ቦታዬን ይዛው ስለነበር አሁን ሌላ አግዳሚ ላይ ነኝ። ለመሸሽ ሌላ ሰበብ ስላጣሁ ልጻፈው።

እታለም፣ እኔ ጋሼ ቤት መኖር አልፈልግም።

ጽፌ አየሁት፤ ወረቀቱ አልተቃጠለም። ጋሼ ክፉ ሆኖ አይደለም። የሐኪም ቤቱ ሊፍት የተበላሸ ቀን እማዬን አራት ፎቅ በጀርባው ያወጣት እሱ ነው፤ ሸሚዙን ጨምቀን ነበር ያሰጣነው። አሁንም የሚቀየመኝ ስለሚወደኝ ነው። ሰው እህቱን ጣላት ይለዋል፤ ይህን ወሬ እንደማይችለውም አውቃለሁ፣ ሃያ አራት ቀን ስሸሽ የከረምኩትም ይህንኑ ነው። ግን በልጆች ክፍል ተኝቼ፣ በሰው ማዕድ ላይ አንገቴን ዘንበል እያደረግሁ ማርጀት አልፈልግም። እዚያ ከገባሁ እኔ በየቀኑ ጠግቤያለሁ እላለሁ፣ እነሱ በየቀኑ ይለምኑኛል፣ ድካሙ ሁላችንንም ይጨርሰናል።

የምፈልገው የእማዬን ቤት ነው። ሁለቱ ክፍል ይበቃኛል። አልጋዋን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ ጠረጴዛውን መስኮቱ ሥር ማድረግ እፈልጋለሁ። የቤቱን ቁልፍ ላንቺ መስጠት ረሳሁ ብዬሽ በራስሽ ትርፍ ቁልፍ ነው የምትገቢው። አልረሳሁትም። ይኸው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ማረፊያ በቀየርኩ ቁጥር እጄን ሰድጄ መኖሩን አያለሁ።

ብቻዬን መሆን አይከብደኝም ብዬ አልዋሽሽም። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ የሻይ ብርጭቆዬን እኔው ራሴ በማንኪያ ሁለቴ መታሁት። ማንም አልመጣም፤ ድሮም የምመጣው እኔ ነበርኩ። አለቀስኩ እታለም፣ በደንብ አለቀስኩ። እማዬ ናፍቃኛለች፤ ድካሟ ሳይቀር ነው የናፈቀኝ። ይህ እግሬ የሚሮጠው ምናልባት ከዚያ ብርጭቆ ይሆናል። ግን ይህን ለቅሶ የመንታዎቹን ክፍል በር ዘግቼ ከማለቅሰው በእሷ ቤት ባለቅሰው ይሻለኛል።

ዛሬ ጠዋት ልሰናበታቸው ሰዓት ሠሪው ጋ ሄጄ ነበር። ቁርሳቸውን እየበሉ ደረስኩ፤ ድስቷ ውስጥ የቀረው ጥቂት ነው። ብዪ አሉኝ። ሻንጣ ስሸክፍ ምንም አልቀመስኩም ነበር። አንገቴ በልማዱ ዘንበል ሊል ሲል ያዝኩትና አዎ፣ ርቦኛል አልኳቸው። ማንኪያ ሰጡኝ። ሰዓቴንም እኔው ፈትቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩና ወደ ኋላ ይቀራል፣ ይዩልኝ አልኩ። ከፍተው ጠረጉት፣ አንዲት ነገር ጠበቅ አደረጉ፣ እኔ ጎርሼ ሳልጨርስ መለሱልኝ። ይኸው ከጣቢያው ሰዓት ጋር እኩል እየሄደ የባቡሩን መዘግየት በትክክል ይነግረኛል። ድስቷ ባዶ ስትሆን ግን እኔ ባልደርስባቸው ኖሮ እሳቸው ይጠግቡ እንደነበር ገባኝ። ቅር አለዎት ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ብዪ ብዬሽ የለም ወይ አሉኝ።

አሁን የምልሽን ስሚኝ። ይህን ደብዳቤ ጋሼና ሙሽሪት ባሉበት አንቺው አንብቢላቸው። ስለ ሙሽሪት እጅ የጻፍኩትን ብቻ አስቀድመሽ ለእሷ ለብቻዋ አሳዪያት፤ አንብቢው ካለች አንብቢው፣ ካላለች ዝለዪው፤ ሌላው ለእኔ ይበቃኛል። አታለሳልሺልኝ። አውቅሻለሁ፣ ደክሟት ነው፣ ሐዘኑ ነው፣ ስትመጣ ይለቃታል ትያለሽ። አይለቀኝም። ለተከራዮቹ ከአሁኑ ንገሪያቸው፣ ወሩ ሳያልቅ ሌላ ቤት ይፈልጉ። ጋሼ ከተቆጣ ይቆጣ፤ ቁጣው ቢያንስ ለወጉ አይሆንም። የፈለገውን ያህል ይቆጣኝና ሲጨርስ ይደውልልኝ፤ ስልኩን አነሣለሁ፣ እሺ ግን አልልም።

ባቡሩ ወደ ባሕሩ ዳር ነው የሚወስደኝ። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ አሥር ቀን እዚያ ቆይቼ የመመለሻ አውሮፕላኔን እይዛለሁ። የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን እናንተ ዘንድ ነኝ፤ እግሬ ካልበረደ ደግሞ ቤቱን እየዞርኩ አበርደዋለሁ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፣ ሐኪም ቤት ካልሄደ ጋዜጣውን ደብቂበት። ልጅሽ ፎቶዎቹን ሲቀበል እንዳያነብ ንገሪው፤ እንደሚያነብ አውቃለሁ፣ እንግዲያው ፈተናውን በተመለከተ እሱም እውነቱን ይጻፍልኝ። የእማዬን መርፌ እየመጣች ስትወጋልን የነበረችውን ጎረቤታችንን ነርሷን ጉልበት ሳሚልኝ። መንታዎቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝና ክፍሉ የእነሱ እንደሆነ ከማንም በፊት ለእነሱ ንገሪያቸው፤ የቀለሙን ምርጫ ግን አባታቸውን ይጠይቁት። ሙሽሪትን አጥብቀሽ እቀፊልኝ።

ለጋሼ ደግሞ እንዲህ በይልኝ። በተመለስኩ እሑድ በእማዬ ቤት ምሳ አለ፤ የምሠራው እኔ ነኝ፣ ሁላችሁም ኑ። በሞቴ አልልም፣ አፈር ስሆን አልልም፣ የምጠራችሁ አንድ ጊዜ ነው። አይ ጠግቤያለሁ ካለኝ አምኜው ድስቱን ወደ ራሴ እመልሰዋለሁ። ከመጣ ግን የሚቀመጠው በእማዬ ቦታ ነው፤ እሱ ሳይቀምስ እጄን አልዘረጋም። ይህ ለወጉ አይደለም።

የምትወድሽ ታናሽሽ

ከባቡር ጣቢያው መጠበቂያ አዳራሽ፣ ከሁለተኛው አግዳሚ
ሐሙስ፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን